ፍራክታል ሥዕልና የቀለም ምርጫ፡- ከጉና ሸንተረሮች እስከ ኮምፒውተር መስኮት

ደብረ ታቦር፡- ከደብረ ታቦር ከተማ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ የሚገኘው የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ወደ ጣና ሐይቅ ለሚፈሱት ለርብና ለጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። ከተራራው አናት የሚወርደው የዝናብ ውኃ በመጀመሪያ የጣት ስፋት ያላት ቦይ ይቀዳል፤ ቦዮቹ ተገናኝተው ፈፋ፣ ፈፋዎቹ ተጋጥመው ጅረት፣ ጅረቶቹም ተደምረው ወንዝ ይሆናሉ። ይህንን የውኃ መረብ በአውሮፕላን መስኮት የተመለከተ ሰውና በማሳ ዳር ጎንበስ ብሎ የጎርፍ ቦይ የተመለከተ ገበሬ የሚያዩት አንድ ዓይነት ቅርንጫፍ ነው። የመጠን መለኪያ የሚሆን ሰው ወይም ዛፍ በምስሉ ላይ ከሌለ የትኛው ትልቁ፣ የትኛው ትንሹ እንደሆነ መለየት ያዳግታል።

በየደረጃው ሲያጎሉት ክፍሉ ከሙሉው ጋር የሚመሳሰል እንዲህ ያለ ቅርጽ “ፍራክታል” ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ በ1975 ያወጣለት በፖላንድ ዋርሶ ተወልዶ በፈረንሳይና በአሜሪካ የሠራው የሒሳብ ሊቅ ቤኑዋ ማንዴልብሮት ነው። ሐሳቡ ግን ከስያሜው ይቀድማል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮን ኢግላሽ እ.ኤ.አ በ1999 ስለ አፍሪካ ፍራክታሎች ባሳተመው መጽሐፍ በአህጉሪቱ ከሚገኙ የመንደር አሠራሮች፣ የጸጉር ሹሩባዎችና የሽመና ውጤቶች ጋር የኢትዮጵያን የዑደት መስቀሎች በአብነት አቅርቧል። በእነዚህ መስቀሎች የዋናው መስቀል ክንዶች በትናንሽ መስቀሎች ይጠናቀቃሉ፤ የትናንሾቹም ክንዶች ከእነርሱ ያነሱ መስቀሎችን ይሸከማሉ። ኢግላሽ ይህንኑ ቅርጽ በኮምፒውተር በሦስት ዙር ድግግሞሽ አስመስሎ አሳይቷል።

ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ካህናት ይዘዋቸው የሚወጡትን መስቀሎች በቅርብ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መስቀሉ የናስ ወይም የብር ነው፤ ከማዕድኑ ቀለም ሌላ ቀለም የለውም። አንጥረኛው የሠራው ቅርጹን ብቻ ሲሆን ብርሃንና ጥላ ቀሪውን ያከናውናሉ። ይህንኑ ቅርጽ በኮምፒውተር መሥራት የፈለገ ባለሙያ ግን ማዕድንም ፀሐይም የለውም። ስሌቱ የሚያስረክበው የቁጥር ክምር ነው። ለየትኛው ቁጥር የትኛው ቀለም እንደሚሰጥ የሚወስነው ሠሪው በመሆኑ፣ አንዱን ስሌት ሁለት ሰዎች ቢያቀልሙት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ሥዕሎች ይወጣሉ።

ጉዳዩ የሥዕል አፍቃሪዎች ብቻ አይደለም። በዞንና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት የከፍታ፣ የዝናብና የመሬት አጠቃቀም ካርታዎችም የሚቀለሙት በዚሁ አሠራር ነው። በመሆኑም ፍራክታል ሠሪው የሚገጥመው የቀለም ስህተት ካርታ አንባቢውንም ይገጥመዋል፤ ልዩነቱ በሥዕሉ ላይ የሚጠፋው ውበት ሲሆን በካርታው ላይ የሚጠፋው መረጃ መሆኑ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት በማንዴልብሮት ስም የሚጠራውን ስሌት መመልከት ይበቃል። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ አድራሻ የሆነ ቁጥር አለው። ከዜሮ ይነሣና ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ አድራሻውን መደመር፣ ያገኙትን እንደገና በራሱ አባዝቶ አድራሻውን መደመር፣ እንዲህ እያሉ መቀጠል ነው። ውጤቱ ከ2 በላይ ሲሆን ነጥቡ “አመለጠ” ይባላል፤ የሚመዘገበውም በስንተኛው ዙር እንዳመለጠ ነው። ለአብነት ያህል አድራሻው 1 የሆነ ነጥብ 1፣ 2፣ 5 እያለ በሦስተኛው ዙር ያመልጣል። አድራሻው 0.5 የሆነው በአምስተኛው፣ 0.3 የሆነው በ12ኛው ዙር ይወጣሉ። አድራሻው ከዜሮ በታች 1 የሆነው ነጥብ ግን በዜሮና ከዜሮ በታች 1 በሆነው ቁጥር መካከል ሲመላለስ ይኖራል እንጂ ፈጽሞ አያመልጥም። ሙሉ ስሌቱ ሁለት አቅጣጫ ባላቸው ቁጥሮች የሚሠራ ቢሆንም አካሄዱ ይኸው ነው።

የማያመልጡት ነጥቦች በልማድ ጥቁር ይሆናሉ። ማንዴልብሮት እ.ኤ.አ በ1980 አይ.ቢ.ኤም በተባለው ኩባንያ ሲሠራ በኮምፒውተር አሳትሞ የተመለከታቸው የመጀመሪያ ምስሎች ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበሩ። ነገሩ በዓለም የታወቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት በነሐሴ ወር 1985 እ.ኤ.አ እትሙ ሽፋን ላይ የዚሁኑ ስሌት ምስል በቀለም አወጣ። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ስሌቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያመለጡት ነጥቦች እንደየዙራቸው ቀለም ማግኘታቸው ነው። በጥቁሩ ቅርጽ ዙሪያ ያለው ክር፣ ጥምዝና ቅርንጫፍ ሁሉ የታየው በዚህ ጊዜ ነበር።

ለእያንዳንዱ ዙር ቀለም የሚመድበው ዝርዝር የቀለም ሰንጠረዥ ይባላል። እ.ኤ.አ በ1987 በገበያ ላይ የዋሉት ቪ.ጂ.ኤ የተባሉት የኮምፒውተር ማሳያዎች ከ262 ሺህ 144 ቀለማት ውስጥ በአንድ ጊዜ 256ቱን ብቻ ያሳዩ ስለነበር ሠሪው 256ቱን መርጦ መደርደር ነበረበት። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ በነጻ የተሰራጨው ፍራክቲንት የተባለ ፕሮግራም ሰንጠረዡን በአንድ ቁልፍ ማሽከርከር ያስችል ነበር፤ ቀዩ ወደ ቢጫው ቦታ፣ ቢጫው ወደ አረንጓዴው ቦታ ሲሸጋገር የቆመው ምስል የሚፈስ ይመስላል። በአሁኑ ጊዜ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 በሚደርስ መጠን ስለሚቀበል ከ16 ሚሊዮን የሚበልጡ ቀለማት ይገኛሉ። ይሁንና የምርጫው ብዛት ምርጫውን ቀላል አላደረገውም። 16 ሚሊዮን ቀለም የቀረበለት ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ሥዕል ላይ ለማዋል ይሞክራልና።

የመጀመሪያው ውሳኔ ቀለሞቹ በድንገት ይቆረጡ ወይስ ቀስ በቀስ ይሸጋገሩ የሚለው ነው። በዚህ ጉዳይ የጎንደር ሥዕል ታሪክ ከማንኛውም የኮምፒውተር መመሪያ የተሻለ ምሳሌ ያቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች የጎንደርን ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሁለት ስልት ይከፍሉታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው የመጀመሪያው ስልት ያልተቀላቀሉ ብሩህ ቀለሞችን በጉልህ መስመር ከልሎ በተለሳለሰና ባልተጌጠ መደብ ላይ ያሳርፋል፤ የልብሱ እጥፋት የሚታወቀው ጎን ለጎን በተሰመሩ መስመሮች ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተለይም በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለበተው ሁለተኛው ስልት በበኩሉ ፊትንና ልብስን በጥላ ያሙለሙላል፤ መደቡም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ፣ ቀስ እያለ ይሻገራል።

ፍራክታል ሠሪው የሚመርጠው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ዙሩን በሙሉ ቁጥር ብቻ ከቆጠረ፣ በአምስተኛው ዙር ያመለጡት ሁሉ አንድ ቀለም፣ በስድስተኛው ያመለጡት ሌላ ቀለም ይይዛሉ። ውጤቱ እንደ መጀመሪያው ስልት የተከለለ ነው፤ ዓይን የእያንዳንዱን ክልል ዳር ይከተላል። ዙሩን በክፍልፋይ ካሰላ ደግሞ ሽግግሩ ይለሰልሳል። ክፍልፋዩ የሚገኘው ነጥቡ ሲያመልጥ 2ን ምን ያህል አልፎ እንደሄደ በመመልከት ነው። 2ን ጥቂት ብቻ ያለፈው ነጥብ ዘግይቶ እንደወጣ፣ እጅግ ያለፈው ቀደም ብሎ እንደወጣ ይቆጠርና በሎጋሪዝም ስሌት በሁለት ዙሮች መካከል ቦታ ይሰጠዋል። ሁለቱም መንገዶች ትክክል ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን አንድ አይደለም። የተከለለው የስሌቱን ደረጃዎች ያስቆጥራል፤ የለሰለሰው ደረጃዎቹን ደብቆ የቅርጹን ጠቅላላ አካሄድ ያጎላል።

የዚህ ምርጫ ክብደት የሚታወቀው ወደ ካርታ ሲመጣ ነው። በአገራችን የተለመደው የአየር ጠባይ አከፋፈል ከ1 ሺህ 500 እስከ 2 ሺህ 300 ሜትር ያለውን ወይና ደጋ፣ ከ2 ሺህ 300 እስከ 3 ሺህ 200 ሜትር ያለውን ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ውርጭ ይለዋል። ካርታ ሠሪው በ2 ሺህ 300 ሜትር ላይ አረንጓዴውን ቆርጦ ቡናማ ቢያስቀምጥ፣ 2 ሺህ 290 ሜትር ላይ ያለው ማሳና 2 ሺህ 310 ሜትር ላይ ያለው ማሳ በሁለት የተለያዩ አገሮች ያሉ ይመስላሉ። በመሬቱ ላይ ግን አንዱ ገበሬ ሁለቱንም በአንድ ጥማድ ሊያርሳቸው ይችላል። በአንጻሩ ካርታው ያለ ወሰን ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ቢሸጋገር አንባቢው ደጋው የት ላይ እንደሚጀምር መለየት ይሳነዋል። የዘር አቅርቦት የሚከፋፍል ባለሙያ የተከለለውን፣ የመሬቱን ተዳፋት የሚያጠና ባለሙያ የለሰለሰውን ሊፈልግ ይችላል። በመሆኑም ካርታው ለምን ሥራ እንደሚውል ሳይታወቅ ቀለሙን መምረጥ አይቻልም።

ሁለተኛው ችግር የቁጥሮቹ በአንድ ቦታ መከማቸት ነው። የማንዴልብሮትን ቅርጽ ጠርዝ እጅግ አጉልቶ የሚመለከት ሰው አብዛኞቹ ነጥቦች በተቀራረበ ዙር እንዳመለጡ ያገኛል። የቀለም ሰንጠረዡ ከዜሮ እስከ 10 ሺህ ዙር እኩል ተዘርግቶ ነጥቦቹ ግን ከ500 እስከ 600 ባለው ውስጥ ከታጎሩ፣ ከሰንጠረዡ ከመቶ አንዱ እጅ ብቻ ሥራ ላይ ይውላል፤ ሥዕሉም አንድ ወጥ ጭቃ ይመስላል። ለዚህ የተለመዱ ሦስት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ሰንጠረዡን ነጥቦቹ ወዳሉበት ክልል ማጥበብ ነው። ሁለተኛው የዙሩን ብዛት በካሬ ሥሩ ወይም በሎጋሪዝሙ መተካት ሲሆን፣ ይህም ትላልቆቹን ቁጥሮች ያቀራርባል፤ ትናንሾቹን ያራርቃል። ሦስተኛው በእያንዳንዱ ዙር ስንት ነጥብ እንዳለ ቆጥሮ ቀለሙን በነጥቦቹ ብዛት መጠን ማከፋፈል ነው፤ ብዙ ነጥብ ያለበት ክልል ብዙ ቀለም ያገኛል።

ሦስተኛው መንገድ ፍትሐዊ ቢመስልም አደጋ አለው። ለዚህም ከፎገራ ሜዳ የተሻለ ማስረጃ በአካባቢው አይገኝም። የጣና ሐይቅ ወለል በ1 ሺህ 786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከሐይቁ ዳር እስከ ጉና ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት 2 ሺህ 300 ሜትር ያህል በመሆኑ በ256 ቀለማት ቢከፋፈል ለአንድ ቀለም 9 ሜትር ይደርሰዋል። በሩዝ ምርቱ የሚታወቀው የፎገራ ሜዳ ግን እጅግ ለጥ ያለ ነው። በሜዳው ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የሚጥለቀለቀውንና የማይጥለቀለቀውን ቦታ የሚለየው ጥቂት ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ከፍታ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት በጣና ዙሪያ በደረሰው የጎርፍ አደጋ በፎገራና በሊቦ ከምከም ነዋሪዎች መፈናቀላቸው ይታወሳል። በ9 ሜትር አንድ ቀለም የሚሰጥ ካርታ የተጥለቀለቀውንም ያልተጥለቀለቀውንም በአንድ አረንጓዴ ይሸፍናቸዋል።

ታዲያ ቀለሙን ለሜዳው አብዝቶ ማከፋፈል መፍትሔ ይሆናል ወይ ቢባል፣ መልሱ የቁጥሮቹን ምንጭ ያስታውሰናል። በአገራችን በሰፊው አገልግሎት ላይ ከዋሉት የከፍታ መረጃዎች አንዱ እ.ኤ.አ በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በ11 ቀናት በረራ በራዳር የሰበሰበችው ነው። በ30 ሜትር ልዩነት የተዘጋጀው ዝርዝር መረጃ ከ2014 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለሕዝብ ሲለቀቅ ቅድሚያ ያገኘችው አፍሪካ ነበረች። መረጃው ከፍታን በሙሉ ሜትር የሚመዘግብ ሲሆን፣ ሲታቀድ የተፈቀደለት የስህተት ወሰን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በፎገራ ሜዳ ላይ ቀለሙ ሲለጠጥ ወጣ ገባ ሆኖ የሚታየው በከፊል የመሬቱ ቅርጽ፣ በከፊል የዛፎቹ አናትና የመሣሪያው ስህተት ነው። ሥዕሉ ይደምቃል፤ መረጃው ግን አልጨመረም። በፍራክታል ሥራ ቁጥሩ በስሌት የተገኘ በመሆኑ የፈለጉትን ያህል ቢለጥጡት የሚወጣው ዝርዝር እውነተኛ ነው። በመስክ መረጃ ላይ ግን እንዲህ ማለት አይቻልም።

ቀለሞቹን ራሳቸውን ወደ መምረጥ ስንመጣ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማሰብ ይጠቅማል። አንደኛው የቀለሙ ዓይነት ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወዘተ። ሁለተኛው ቀለሙ ምን ያህል ጥርት ያለ ወይም የደበዘዘ እንደሆነ፣ ሦስተኛው ደግሞ ምን ያህል ብሩህ ወይም ጨለም ያለ እንደሆነ ነው። የአማርኛ የቀለም ስሞች ሦስቱን አንድ ላይ ይይዛሉ። ቡናማ፣ አመድማ፣ ብርቱካናማ፣ ወይን ጠጅ ስንል የምንጠራው ነገሩን ነው፤ ከነጥርትነቱና ከነጥላው። ኮምፒውተሩ ግን ሦስቱን በተለያዩ ቁልፎች ያስተካክላል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚነኩት የመጀመሪያውን ቁልፍ ብቻ ነው። ቅርጽን ለዓይን የሚገልጠው ግን በዋናነት የብርሃኑ መጠን ነው።

ይህንን ለማረጋገጥ የተጠናቀቀውን ሥዕል ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ይበቃል። ቅርጹ በግራጫው ምስል ላይ ከቀጠለ ሰንጠረዡ ጤነኛ ነው፤ ከጠፋ ቀለሙ ጌጥ ብቻ ነበር ማለት ነው። ከቀይ ተነሥቶ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ አልፎ ሐምራዊ የሚደርሰው የቀስተ ደመና ሰንጠረዥ በዚህ ፈተና ይወድቃል። ቢጫው መሐል ላይ ያለ አግባብ ስለሚያበራ ምንም ልዩ ነገር በሌለበት ቦታ ሸንተረር ያለ ያስመስላል፤ አረንጓዴው ደግሞ ሰፊ ክልል ሸፍኖ በውስጡ ያለውን ልዩነት ይውጣል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ በ2015 የቀረበው ቪሪዲስ የተባለው ሰንጠረዥ ከጥቁር ሐምራዊ ተነሥቶ በአረንጓዴ በኩል ወደ ብሩህ ቢጫ ሲወጣ ብርሃኑ ያለማቋረጥ እንዲጨምር ተደርጎ ተዘጋጅቷል።

በራሱ እጅ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ለሚፈልግ በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢ ምንጭ አይጠፋም። የሚመከረው አሠራር የአንድ ቦታ ፎቶግራፍ ወስዶ ከአራት እስከ ስድስት ቀለም መልቀም፣ ከጨለማው ወደ ብሩሁ መደርደር፣ በመካከላቸው ያለውን ሽግግር ለፕሮግራሙ መተው ነው። የመስከረም ጠዋት ለአብነት የእርጥብ አፈር ጥቁር፣ የገብስ ቡቃያ አረንጓዴ፣ የአደይ አበባ ቢጫና የጉም ነጭ ይሰጣል፤ አራቱም በብርሃን ተራ በተራ የቆሙ በመሆናቸው እርማት እምብዛም አያስፈልጋቸውም። የቀድሞ ሠዓሊዎች ምርጫም ከዚህ የሰፋ አልነበረም። በጥንታውያን የብራና መጻሕፍትና ሥዕሎች ላይ የተደረጉ የኬሚካል ምርመራዎች የሚያሳዩት ጥቂት ማቅለሚያዎችን ነው፤ ከአርሰኒክ ማዕድን የተገኘ ቢጫ፣ ከሜርኩሪ ማዕድን የተገኘ ቀይ፣ ኢንዲጎ የሚባለው የተክል ሰማያዊ፣ የከሰል ጥቁር። የጎንደር ሥዕል ሙሉ የሚመስለው በቀለሞቹ ብዛት ሳይሆን በአደራደራቸው ነው።

ሥዕሉ ወይም ካርታው ከመስኮቱ ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። መስኮቱ ቀለምን የሚፈጥረው ብርሃን በመደመር ሲሆን፣ ማተሚያው ግን በቀለም ወረቀቱ የሚመልሰውን ብርሃን በመቀነስ ነው። በመሆኑም በመስኮቱ ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ በወረቀት ላይ ይደበዝዛል። በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ የሚብሰው ችግር ግን የፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ማሽኑ ወይም ፕሮግራሙ ቀለምን ወደ ግራጫ ሲመልስ በተለመደው ቀመር ከቀዩ 30፣ ከአረንጓዴው 59፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ይወስዳል። በዚህ ስሌት 255 የሆነው ሙሉ ቀይ 76 ገደማ ግራጫ ይሆናል። 130 የሆነው ጥልቅ አረንጓዴም እንዲሁ 76 ገደማ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህንኑ ሞክሮ፣ “የተራቆተ” የተባለውን ቀይና “በደን የተሸፈነ” የተባለውን አረንጓዴ በአንድ ወረቀት ላይ ቀልሞ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሣ ሁለቱን የሚለያቸው ነገር አላገኘም። ካርታ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚወርደው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል። ቢጫ በአንጻሩ በዚሁ ቀመር 226 ገደማ፣ ሰማያዊ 29 ገደማ ስለሚሆኑ ሁለቱ በየትኛውም ቅጂ ላይ ይለያያሉ።

ቀይና አረንጓዴን የሚያምታታው ማሽኑ ብቻ አይደለም። የሰሜን አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ እነዚህን ቀለሞች መለየት ይቸግራቸዋል፤ ችግሩ በልዩ ልዩ መጠን በሁሉም ሕዝቦች ዘንድ የሚገኝ ሲሆን በሴቶች ላይ እጅግ ያነሰ ነው። በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ የማይቀር ሲሆን፣ እርሱ ራሱም ላያውቀው ይችላል።

ቀለም ከመረጃው ጋር ያለው ግንኙነት በስምምነት ብቻ የሚጸና መሆኑን በግልጽ የሚያሳየው የሳተላይት ምስል ነው። እ.ኤ.አ ከ1972 ጀምሮ የምድርን ገጽ የሚያነሡት ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ዓይን የማያየውን ብርሃን ጭምር ይመዘግባሉ። ከቀይ በታች የሚባለው ይህ ብርሃን ከለምለም ቅጠል በብዛት ይንጸባረቃል። የማይታይን ብርሃን ለማሳየት የሚታይ ቀለም መመደብ ግድ ስለሚል በልማድ ቀይ ይመደብለታል። በዚህ ምክንያት በደቡብ ጎንደር በገደላገደልና በማሳዎች መካከል የቆሙት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች በምስሉ ላይ እንደ ቀይ ክብ ጠብታዎች ተበትነው ይታያሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ በ2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናት በዞኑ የሚገኙ 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረዋል። የቀለሙን ቁልፍ ያላነበበ ተመልካች ግን እነዚህኑ ለምለም ደኖች እሳት የበላቸው ቦታዎች አድርጎ ሊወስዳቸው ይችላል።

የወሩ ምርጫም የቀለም ምርጫ ነው። በመስከረም የተነሣ ምስል ላይ ማሳው፣ ግጦሹና ደኑ አብረው ቀይ ስለሚሆኑ የደኑ ዳር ይጠፋል። አዝመራው ተሰብስቦ ሣሩ በደረቀበት በጥርና በየካቲት የተነሣው ምስል ግን ደኑን ከዙሪያው ነጥሎ ያሳያል። በዚያን ጊዜም ቢሆን በደብረ ታቦርና በአካባቢው በየጓሮው የተተከለው ባሕር ዛፍ እንደ ደኑ ቀይ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ወይራውንና ጽዱን ከባሕር ዛፉ ለመለየት ምስሉን ይዞ ወደ ቦታው መሄድ ያስፈልጋል።